በመናፈሻ የቆጠርናቸው እንግዶች
(በማኅበራችን የኅዳር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው በዓመቱ ሒሳብ «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ርዕስ ሥር ስለተቀመጠች አንዲት መስመር ነው። «የመናፈሻ ጉዞ፣ መግቢያና ትራንስፖርት» ትላለች። ከደጋፊዎቻችን አንዲት እመቤት በትሕትና «ይህ ለቁጠባና ለራስ አገዝ ሥራ ምኑ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሒሳብ የምንይዘው እኛም ሌላ ሰው ቢያቀርብልን ይህንኑ እንጠይቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የምንሆን አባላት ወደ ከተማችን መናፈሻዎች እየሄድን ወፍ እንቆጥራለን። ሳቁ፣ ግድ የለም። ባሎቻችንም ስቀዋል።

በአውሮፓና በሰሜን እስያ ከነሐሴ መጨረሻ ወዲህ ቀኑ ያጥራል፤ ብርዱ ይገባል፤ ወፎቹ የሚበሏቸው ነፍሳትም ይጠፋሉ። በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ለምልሟል፣ ነፍሳቱም ይርመሰመሳሉ። ስለዚህ ይመጣሉ። በብሔረ ጽጌ መናፈሻ ሣር ላይ መጀመሪያ ያየናት ደረቷ ቢጫ፣ ጅራቷን ያለ ዕረፍት ወደ ላይ ወደ ታች የምታወዛውዝ ወፍ ነበረች። ገጠር ያደግን ሰዎች ከከብት እግር ሥር ስትሮጥ እናውቃታለን፤ ከወዴት እንደምትመጣ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም፤ ከአንድ እፍኝ ቡና ታንሳለች። ይህችው ወፍ ባሕርና በረሃ አቋርጣ መጥታ በጋውን እዚህ ከርማ ትመለሳለች። በጉለሌ እጽዋት ማዕከል ዛፎች ላይ ደግሞ ከእሷም የምታንስ፣ ከቅጠሉ መሐል ለመለየት የምታስቸግር፣ በአውሮፓውያን ስሟ ቺፍቻፍ የምትባል አለች። እሷን ለመቁጠር አንገት ይታመማል።

ስለ መስቀል ወፍ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ዘመድ «የመስቀል ወፍ» እንለው የለ? አብሮን የሚሄደው የወፍ ባለሙያ እንዳስረዳን ግን፣ ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸው ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ላባ ያላቸው ወፎች የትም አይሄዱም። ወንዱ ክረምት ሲገባ ለሠርጉ ይለብሳል፤ በጋ ሲሆን ልብሱን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፤ ያኔ አናየውም። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ በዚያው ቡናማ ልብሷ አጠገባችን ናት፤ ስምም አልወጣላት። ይህን ስንሰማ የሳቅነውን ሳቅ በቦታው ብትኖሩ ትወዱት ነበር።

ጭልፊትንም መለየት ተምረናል። ያደገው ጭልፊት መንቁሩ ቢጫ ከሆነ የአገራችን ነው፤ ጥቁር ከሆነ እንግዳ ነው። ገና ያላደገው ያሳስታል፣ እሱን በጥርጣሬ እንመዘግባለን። መዝገባችን እንደማንኛውም መዝገብ ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዓይነት፣ ብዛት፣ ያየችው ሰው ፊርማ። ሁለት ሰው ያላየውን አናስገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ እንጦጦ ወጥተን ሳለ ትልልቅ ቡናማ ንስሮች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሳያርገበግቡ፣ በክብ እየዞሩ ከፍ ሲሉ አየን። ባለሙያው ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች እንደሚመጡ፣ በአውሮፓውያኑ ከ2015 ወዲህም በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ወፎች ጋር እንደተመዘገቡ ነገረን። ንስር ከባድ ነው፤ ረጅም መንገድ በክንፉ ኃይል ብቻ አይዘልቀውም፤ ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚጓዘው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኝ ጠባቡን መሻገሪያ ይፈልጋል። ያም ባብ ኤል መንደብ ነው፤ ከየመን ወደ ጅቡቲ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በአውሮፓውያኑ 1987 መጸው ተመልካቾች ጅቡቲ ዳርቻ ተቀምጠው ሲቆጥሩ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ መዝግበዋል።

ከመካከላችን አንዷ እህታችን በስብሰባ ብዙም አትናገርም። ከሦስት ዓመት በፊት ነው የተመለሰችው። የሩቅ መነጽሩን ከዓይኗ አወረደችና «እኛ ያን ባሕር በሌሊት ነው የተሻገርነው፤ እነሱ ሲመጡ እኛ ስንሄድ» አለች። ቆየችና ደግሞ «240,000 ወፍ አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው ነበር? እኛን ማን ቆጠረን? ጀልባዋ ላይ ስንት እንደሆንን እስከ ዛሬ አላውቅም» አለች።

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ባለሙያውም ዝም አለ።

ከእንጦጦ ስንወርድ ታክሲ ውስጥ ነው ሐሳቡ የመጣው፤ የማን እንደነበር አሁን መለየት አንችልም። የወፍ መዝገቡን ከኋላው ገለበጥነውና አዲስ ገጽ ከፈትን። ስም፤ የሄደችበት ወርና ዓመት፤ የሄደችበት አገርና መንገድ፤ የተመለሰችበት ቀን፤ ካልተመለሰች ድምጿ መጨረሻ የተሰማበት ቀን። የጻፍነው የራሳችንን፣ የእህቶቻችንን፣ የልጆቻችንንና የጎረቤቶቻችንን ነው። በዚያ ቀን ዘጠኝ ስም ሞላን። ዛሬ 23 ደርሷል። ፈቃዷን ያልሰጠች ወይም ቤተሰቧ ያልፈቀደላት አልተጻፈችም፤ መዝገቡም በማኅበሩ ካዝና ይቆለፋል።

ከ23ቱ ውስጥ የሁለቱ «ድምጿ የተሰማበት ቀን» ከዓመት በላይ ያለፈው ነበር። እናቶቻቸው እዚሁ መካከላችን በየሳምንቱ ቁጠባቸውን ሲከፍሉ ኖረዋል። አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ስሞቹ ሲነበቡ ከጂዳ የተመለሰች አንዲት አባል አንዷን አወቀቻት፤ የምታውቃት ሰው ስልክ ነበራት። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ልጅቷ በሕይወት አለች፤ አሠሪዋ ስልኳን ወስዶባት ነበር። እናቷ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ናቸው፤ ይህን እንድንናገር የፈቀዱልንም እሳቸው ናቸው። የሁለተኛዋ ቦታ አሁንም ባዶ ነው።

እንግዲህ ይህ ከወፍ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖር ይሆናል። በአዳራሽ አራት ዓመት ተሰብስበን ያልተነገረ ነገር እዚያ ሜዳ ላይ ተነገረ፤ ምክንያቱን በሒሳብ ቋንቋ ማስረዳት አንችልም። ምናልባት ሁሉም ሰው ወደ ላይ ስለሚያይና ማንም ማንንም ስለማያይ ይሆናል።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው። ይህች መስመር ከ«ልዩ ልዩ» ወጥታ የራሷ የሒሳብ ቁጥር እንዲሰጣት፤ እስካሁን በውሰት የምንጠቀምበትን የሩቅ መነጽር የሚተካ አንድ የማኅበሩ መነጽር እንዲገዛ፤ ሁለተኛዋን ልጅ ለመፈለግም የውጭ አገር ስልክ ወጪ እንዲፈቀድ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ የሚፈቀድ ከሆነ የመጨረሻው ይሁን።

ደጋፊዎቻችንም ኑና እዩን። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በብሔረ ጽጌ መናፈሻ በር እንገናኛለን። ውኃና ጋቢ ያዙ፤ የኅዳር ጠዋት ይበርዳል። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ቡናውን እኛ እናመጣለን።