የልጆች የታክስ ክሬዲት፦ ለማን ይደርሳል?



በታክስ ሕግ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ተቀናሽ የሚባለው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይነሣል፤ የታክስ ክሬዲት ግን ከራሱ ከግብሩ ላይ ይቀነሳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የልጆች የታክስ ክሬዲትን ስትደነግግ ዓላማው የወላጆችን ሸክም ማቃለል ነበር። ይሁንና ገቢው አነስተኛ ሆኖ ግብር የማይደርስበት ወላጅ ከምን ላይ ይቀነስለታል? ክሬዲቱ በገንዘብ ተመላሽ ካልሆነ፣ አብዝቶ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ባዶ እጁን ይቀራል።

የ2021 ሕግ ይህን ለአንድ ዓመት ለወጠው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 3,600፣ ከ6 እስከ 17 ዓመት ላለ ደግሞ እስከ 3,000 ዶላር ፈቀደ፤ ገቢ የሌለው ወላጅም ሙሉውን የማግኘት መብት ነበረው። ግማሹ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ተከፈለ። በሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ተጨማሪ የድህነት መለኪያ መሠረት፣ በዚያ ዓመት የሕፃናት ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ድንጋጌው ሲያበቃ፣ የሌሎች ድጋፎች መቋረጥም ተጨምሮበት፣ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ አሻቀበ።

ስለዚህ የክሬዲት ሕግ የሚመዘነው በገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ የመጨረሻው ድሃ ልጅ ዘንድ በመድረሱም ነው።