ክፉ ቀን ለብቻ አይታለፍም

በቆላው ፀሐይ ሰሊጥ ስታርሙ የዋላችሁ፣ በመተማ ዮሐንስ ገበያ፣ በገንዳ ውኃ መሥሪያ ቤት ስትደክሙ የዋላችሁ፣ ታማችሁ ተኝታችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ? የዛሬው ወጋችን ክፉ ቀን ሲመጣ እምነትን ይዞ ስለ መቆየት ነው። ነገሩን ከሩቅ አናመጣውም፤ ከደጃችን እንነሣለን።

ጥር 10 ቀን 1880 ዓ.ም. የከተራ ዕለት ነበር፤ ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበት ቀን። በዚያ ቀን የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ ከሱዳን ከመጣው የድርቡሽ ጦር ጋር ገጥመው ድል ተነሡ። ቤተሰባቸው ሳይቀር ተማረከ። የድርቡሽ ጦር ወደ ጎንደር ዘልቆ ከተማዋን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብ ማርኮ ተመለሰ።

ዓመት አለፈ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሽ ጋር መተማ ላይ ገጠሙ። ድሉ ወደ እርሳቸው ባዘነበለበት ሰዓት በጥይት ቆሰሉ፤ ከዚያ ቁስል አልተነሡም። ከተማችን መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእርሳቸው ስም ነው። በዚያው ዘመን የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጀው። ዝናቡም ቀረ። አያቶቻችን እስከ 1884 የዘለቀውን ያን ጊዜ «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት።

እስቲ የዚያን ዘመን አንድ ገበሬ እናስብ። ጾሙን ጾሟል። ስእለቱን ከፍሏል። ንጉሡ በጾም ወድቀዋል፤ ልጁን ክርስትና ያስነሣበት ደብር ነዷል፤ በሬው ሞቷል፤ ጎተራው ባዶ ነው። «ጌታዬ፣ ወዴት ነህ?» ብሎ ቢጮህ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም ያ ሰው የያዘው እምነት ከእርሱ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ እኛ ደርሷል። እንዴት ደረሰ?

መልሱን ጎንደር ላይ አገኘዋለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ እሳት ተርፏል፤ የንብ መንጋ ጠበቀው ይላሉ አባቶች። ከሕንፃው ሌላ የተረፈ ነገር ደግሞ አለ። ብራና ሲነድ ዜማው በመምህራኑ ልብ ውስጥ ነበር። አቋቋም የሚባለው የማኅሌት ሥርዓት በቃል የሚጠና ትምህርት ነውና መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ፣ ደቀ መዝሙሩም ለተከታዩ አስተላለፈው። ጎንደር በዓታ ዛሬም የአቋቋም ምስክር ናት።

ማኅሌት ላይ ያደረ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ የቀኙ ሲያሳርፍ የግራው ያነሣል። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ጉልበት ይዝላል፤ ስለዚህ መቋሚያ አለ። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿ እንደሚደክሙ አስቀድማ አውቃ የሚደገፉበትን አዘጋጅታለች። የደከመው መቋሚያውን ይደገፋል፤ ድምፁ የጠፋበት ዝም ይላል፤ ዜማው ግን አይቋረጥም፤ ሌላው ይዞታልና። የክፉ ቀን ሰዎች እምነት የተሻገረው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱ ማመን ሲያቅተው ጎረቤቱ አመነለት፤ አንዱ መጸለይ ሲያቅተው ማኅበሩ ጸለየለት።

ወደ ዛሬ እንምጣ። በክረምት ከደጋው ወርዶ ለአረም፣ ለአጨዳ የሚመጣው ወጣት ከደብሩ ርቆ፣ ሜዳ ላይ አድሮ፣ ወባ ይይዘዋል። ካላዛርም አለ፤ ትኩሳቱ ሳምንታት የሚቆይ፣ ሰውነትን የሚያከሳ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከሙት የሚገድል። እንዲህ ያለው ወንድማችን «እግዚአብሔር ትቶኛል» ቢል ስብከት ከማዝነባችን በፊት ጤና ጣቢያ እናድርሰው። ጠበሉም መድኃኒቱም የአንድ ፈጣሪ ስጦታ ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማነስ አይደለም።

ልጇ በመንገድ ታግቶባት ማስለቀቂያ ገንዘብ የምታፈላልግ እናትም አለች። እርሷን «አታልቅሺ፣ እምነትሽ የት አለ?» የሚል ሰው ዳዊቱን በደንብ አልደገመም። መዝሙረ ዳዊት በለቅሶና በአቤቱታ የተሞላ ነው፤ «እስከ መቼ?» እያለ ፈጣሪውን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ በየገጹ አለ። በዚያው በዳዊቱ ጀርባ ጸሎተ ነቢያት ውስጥ ዕንባቆም አለ። ዛፉ ባያፈራ፣ እርሻው እህል ባይሰጥ፣ በረቱ ባዶ ቢሆን እንኳ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ተናግሯል። ይህን ያለው ግን መጀመሪያ ጮኾ፣ ጠይቆ፣ ተሟግቶ ነው። ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽ ሰው ከእግዚአብሔር አልራቀም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰው በዚሁ በመተማ በኩል ተሻገረ፤ ሱዳናዊው፣ የራሳችን ተመላሽ፣ ሕፃን ያዘለች እናት። ከድንበሩ ወዲህ ያሉት ኩመርና አውላላ የስደተኛ መጠለያ ሆነው ነበር። አንድ ጊዜ በሃይማኖት ስም ደም የፈሰሰበት ድንበር ላይ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለተጠማው ሁሉ ውኃ ሲያቀርብ፣ ያ የአያቶቻችን እምነት ፍሬ ነው። ክፉ ቀን አንዳንዱን ሰው ያመርረዋል፤ ሌላውን ሩኅሩኅ ያደርገዋል። ጸንቶ መቆየታችን የሚታወቀው በሁለተኛው ነው።

እናም በክፉ ቀን ውስጥ ያላችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ጉልበት እስኪመለስ አትጠብቁ። መጸለይ ካቃታችሁ ሄዳችሁ ከሚጸልዩት ጎን ቁሙ። ለንስሐ አባታችሁ የልባችሁን ንገሩ፤ ጥርጣሬያችሁንም ጭምር።

ክፉ ቀን ያልደረሰባችሁ ደግሞ፣ በጽዋ ማኅበራችሁ፣ በሰንበቴያችሁ ሰው ስትቆጥሩ የቀረውን ፈልጉ። «ምነው ጠፋህ?» ብላችሁ አትውቀሱት፤ ድርሻውን ይዛችሁለት እቤቱ ሂዱ። ነገ ተራው የእናንተ ሲሆን እርሱ ይመጣል። አያቶቻችን ለእኛ ያቆዩልን ይህን ነው፤ እኛም ለልጆቻችን ልናቆይላቸው ይገባል።