መርዶ በስልክ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከኢንተርኔት ሳንለያይ ስለምንኖርበት ዘመን ትንሽ ተናገርልን» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ይህንኑ ለመንገር የተደወለው ስልክ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ በአራተኛው ነው የተግባባነው። የምሠራው ኩሌ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ኩሌ በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ፣ ከጋምቤላ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው። ታህሳስ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር ተሻግሮ የመጣውን ሕዝብ ለማስፈር በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተከፈተ። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል። አብዛኛው ኑዌር ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ሴትና ልጅ ነው። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ። ስለ ቴክኖሎጂ የማውቀው የተጠቃሚን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን እነግራችኋለሁ፣ ያጠፋሁትንም እጨምራለሁ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ካምፑ ገበያ ብትመጡ ሶላር ካለው ሱቅ ፊት ስልኮች ተደርድረው ታያላችሁ። ባለ ሱቁ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ቁጥር ጽፎበታል። ባለቤቶቹ ቻርጅ እስኪሞላ ዛፍ ሥር ቁጭ ይላሉ። አንዳንዶቻችን «ስደተኛ ስማርት ስልክ ምን ያደርግለታል?» ስንል ሰምቻለሁ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ብዬው አውቃለሁ። ኋላ ግን ገባኝ። የአንድ ቤተሰብ አባት ጁባ፣ አጎት ካርቱም፣ ታላቅ ልጅ አሜሪካ ኦማሃ በሆነበት ቦታ፣ ቤቱ ራሱ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ቱኩሉ በዝናብ ቢፈርስ በሳምንት ይሠራል፤ ቁጥሮቹ ያሉበት ስልክ ከጠፋ ግን ዘመድ ይጠፋል።

ያ አካባቢ ለግንኙነት አዲስ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ኢታንግ አጠገብ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ተስማምተው ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት ጀልባዎች እዚያ ድረስ የሚዘልቁት ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነበር። ቡናው ይወጣል፣ ጨውና ጨርቁ ይገባል፣ ደብዳቤውም አብሮ ይመጣል። ውኃው ሲጎድል ወሬውም ይጎድላል። በጥቅምት የጻፈ ሰው መልሱን ለመስማት የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል።

እንዲያ ይሻል ነበር ልላችሁ አይደለም። ስንቱ እናት የልጇን ሞት ሳትሰማ ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች! ኩሌ በተከፈተ ሰሞን እንኳ ብዙ ሰው ቤተሰቡን ያገኘው በቀይ መስቀል በኩል፣ በአጭር ወረቀት በሚላክ መልእክት ወይም በተራ በሚደወል የነፃ ስልክ ነበር። ሰልፉን አስታውሳለሁ። ተራው የደረሰው ሰው «አለሁ» ብሎ ብቻ እያለቀሰ ሲመለስ አይቻለሁ። ዛሬ ያ ሰው በራሱ ስልክ የልጁን ፊት እያየ ያወራል። ይህን ነገር የሚያቃልል ሰው ዘመድ ጠፍቶበት የማያውቅ ነው።

እንግዲህ ወደ ርእሴ ልግባ። የካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ከድንበሩ ማዶ ናስር ከተማ ውጊያ በረታ። ብዙ የኩሌ ሰው እዚያ ዘመድ አለው። በሰዓታት ውስጥ ቪዲዮ፣ ፎቶና የስም ዝርዝር በየስልኩ መዞር ጀመረ። አንድ ጠዋት የውኃ ቦኖው ዘንድ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው ሳለ፣ አንድ ወጣት ከስልኩ ላይ የሞቱ ሰዎችን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው ሁሉ «አንብብልን» ብሎት ነው። ከስሞቹ አንዱ የአንዲት እናት ልጅ ስም ሆነ። እናቲቱ እዚያው ወደቁ። ወደ እኛ ሲያመጧቸው ግንባራቸው በጀሪካኑ ተሰንጥቆ ነበር። ሰፋሁላቸው። ሲሰፋ አልተነፈሱም፤ ደንዝዘው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ልጁ ደወለ። ከድንበሩ ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገብቷል። የሞተው የስሙ ሞክሼ ነበር፤ እንደ እኛው የራስና የአባት ስም ነውና የሚጠሩት፣ ሞክሼ አይጠፋም። እናት ድምፁን ሰሙ፤ ስልኩን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። አላመኑም። ሴት ልጃቸው አንስታ አነጋገረችው። እሳቸው ግን ልጁ መጥቶ ደጃፋቸው ላይ እስኪቆም ድረስ ያንን ስልክ ዳግመኛ በእጃቸው አልነኩም።

ውሸቱን ያመጣው ስልክ ነው፤ እውነቱንም ያመጣው ያው ስልክ ነው። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ እውነት ሆነው የተገኙ ስሞችም ነበሩ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ልጁ በእርግጥ ሞቶ ቢሆንስ፣ ለአንዲት እናት መርዶ እንዲህ ይነገራል?

የእኛን ወግ አስቡት። መርዶ ሲነገር ሳይነጋ ይኬዳል። ሽማግሌ ይመረጣል። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ድንኳኑም ወንበሩም በጓሮ ይዘጋጃል። ሐዘንተኛው እህል መቅመሱ፣ ሕመም እንዳለበት ይጠየቃል። የሚደግፈው ሰው በግራና በቀኝ ይቆማል። ውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን እንኳ ይህን አልጣሉትም። ዲሲ ያለ ሰው ወላጁ አዲስ አበባ ሲያርፍበት፣ ዘመድ የሚደውለው ለጓደኞቹ ነው። እነሱ ከሥራ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ተሰብስበው ቤቱ ይሄዳሉ። ኑዌሮችም የራሳቸው ወግ አላቸው። መርዶ ማለት ወሬ ማድረስ ብቻ አይደለም፤ ወሬውን የሚሸከም ትከሻ አብሮ ማድረስ ነው። ስልኩ ወሬውን አደረሰ፤ ትከሻውን ግን አላደረሰም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የእኔ ባች ልጆች ታውቁታላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዶርም ጓደኛችን በመኪና አደጋ ሲያርፍ ከሁላችን ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ደነገጥኩ። እጄ ስልኬ ላይ ሄደ። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ፎቶውን ለጠፍኩ፤ ከሥሩም «ነፍስ ይማር» አልኩ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሻማና የሚያለቅስ ፊት ምስል ሞላበት። ታናሽ እኅቱ እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነበረች። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናት፤ እኔው ራሴ ነበርኩ ያስገባኋት። ያነበበችው ታክሲ ውስጥ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጣ ነው። እኔ ትዝ ብሎኝ ለማጥፋት ስሞክር ዘግይቻለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? «ለሁሉም አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ከስልኩ ላይ ያጠፋል፤ ካነበበው ሰው ላይ አያጠፋም።

ይህን ዛሬ ለመናገር ፈቃድ ጠይቄያታለሁ። «ተናገር፤ ግን እኔን ለማጽናናት ብለህ አታሳምረው» አለችኝ። አላሳመርኩትም።

ለምን አደረግኩት? ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይመስለኝም። ስልኩ በእጄ ስለነበረ፣ መላክ ከማሰብ ስለቀለለ፣ ምናልባትም (ይህን ማለት ከባድ ነው) ቀድሜ ያወቅሁት እኔ መሆኔ እንዲታወቅ ስለፈለግሁ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያው የተሠራው በዚችው ድክመታችን ላይ ነው። ሰው የሚያስደነግጠውን፣ የሚያናድደውን፣ የሚያስለቅሰውን ነገር ብዙ ይነካል፣ ብዙ ያጋራል፤ ብዙ የተነካውን ደግሞ ማሽኑ ለሌላው አስቀድሞ ያሳያል። ማሽኑ እውነትና ውሸትን አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው የነካውን ጣት ነው።

ይህ ዋጋ ሲያስከፍል ምን እንደሚመስል እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንረሳውም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው፣ ስማቸውና ፎቶአቸው ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በታህሳስ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ኩባንያውን ከሰሱ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ፍርዱ ምንም ይሁን ምን፣ ጽሑፉን ያጋራው እያንዳንዱ ጣት የሰው ጣት ነው።

«ታዲያ ይዘጋ!» የሚል ሊኖር ይችላል። መዝጋትን ሞክረነዋል። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ጥያቄ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰረዘ፤ በሚቀጥለው ዓመት በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ያኔ ኩሌ ወሬ ጠፍቶ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ወሬው በእግሩ ሄደ፤ የጠፋው ማረጋገጫው ነው። ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ሰውም ላኪውን ማግኘት አቃተው። ውሸቱን ለማፈን ተብሎ የሚዘጋው በር እውነቱንም ውጭ ያስቀረዋል።

ስለ አዲሱ ቴክኖሎጂም አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ጉግል በአንድ ጊዜ 110 ቋንቋዎችን ወደ መተርጎሚያው ሲጨምር ኑዌርኛም ገባ። አማርኛ የገባው ከዚያ ስምንት ዓመት ቀድሞ ነው። እኛ ጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌሊት አስተርጓሚ በሌለበት «የት ያምሻል? ከመቼ ጀምሮ?» ለማለት ይረዳል። ደስ ብሎኝ ለአስተርጓሚያችን አሳየሁት። ስደተኛ ነው፤ ከእኛ ጋር ዓመታት ሠርቷል። አይቶ፣ «ጥሩ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «አንተ ለሴትየዋ ፅንሱ ሞቷል በላት ስትለኝ እኔ መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አሰብኩት። ሁልጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ እኔ ለብዙ ጊዜ እንደ መዘግየት የምቆጥርበት። ወንበሩን ያስጠጋል። «ከማን ጋር ነው የመጣሽው?» ብሎ ይጠይቃል። እናቷ ወይም እኅቷ ውጭ ካለች ይጠራታል። ውኃ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ነው የእኔን ቃል የሚተረጉመው። ማሽኑ የእኔን ዓረፍተ ነገር በሴኮንድ ያደርሰዋል። አስተርጓሚው ግን በዓረፍተ ነገሩና በሴትየዋ መካከል ሁለት ደቂቃ ያስገባል። መርዶ ነጋሪ ማለት ለካ እሱ ነው! ማሽኑ ነገ ከዚህም ይራቀቃል፤ እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ግን ከሰው መምጣት አለባቸው።

ወገኖቼ፣ ኔትወርኩ ባይኖር የሚል ምኞት የለኝም። ኩሌ ውስጥ ኔትወርክ የሚመጣበትን ዛፍ ለመፈለግ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ የሚዞር አባት አይቼ እንዲህ ልመኝ አልችልም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ለመምህሮቻችን ነው። ጤና፣ ሕግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ተማሪው ከዚህ ግቢ ሲወጣ አንድ መልእክት ከየት እንደመጣ፣ ፎቶው መቼና የት እንደተነሳ፣ ስሙ የማን እንደሆነ የማጣራት ልማድ ይዞ ይውጣ። ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ስልክ መደወል ብዙውን ያጠራል። ያ ወጣት ቦኖው ዘንድ «የአባቷ ልጅ ስንት ነው? የየት ሰፈር?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አንዲት እናት አሥራ አንድ ቀን ልጇን ባልቀበረች ነበር።

ሁለተኛው ለእኛው ለምሩቃኑ ነው። ዛሬ ማታ በየባቻችን ግሩፕ ውስጥ አንድ ደንብ እንጻፍ፤ መርዶ በግሩፕ አይነገር። አንድ ወዳጃችን ሲያርፍ የሰማው ሰው ለሁለት ሰዎች ይደውል። እነሱ ቤተሰቡ መስማቱን ያረጋግጡ። ካልሰማ ሰው ይሂድ፣ ራቅ ካለ አቅራቢያው ያለ ምሩቅ ይላክ። በየክልሉ ተበትነናል፤ ለዚህ ለዚህ ካልሆነ ማኅበር ምን ይሠራል? ቤተሰቡ ከሰማ በኋላ ፎቶውም ይለጠፍ፣ ሻማውም ይብራ።

የእኛ ባች ይህን ደንብ ጽፏል። ግሩፑ ላይ ከላይ የተሰካው መልእክት እሱ ነው። የጻፈችው እኅቱ ናት።