ጉርድ ፎቶግራፍ በቤታችሁ፣ ፓስፖርት በእጃችሁ
(በዶሃ ለሚገኙ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ስለ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ጉዳዩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሆኖም በወር አንድ ቀን ብቻ ከአሠሪዋ ቤት የምትወጣ እህት ፎቶግራፏ ተቀባይነት አጥቶ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ የምታጣው አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ወር ነው። በዚያ መካከል የፓስፖርቷ ዘመን ቢያበቃ የመኖሪያ ፈቃዷን ማደስም ይከብዳል።

ስለዚህ ፎቶ ቤት ለመሄድ ጊዜ የሌላችሁ በስልካችሁ ስትነሡ የሚከተሉትን አስተውሉ።

በመጀመሪያ ብርሃን። በቀን፣ ፊታችሁን ወደ መስኮት መልሳችሁ ቁሙ። ብርሃኑ ከጎን ከመጣ ግማሽ ፊታችሁ ይጨልማል። ከኋላችሁ ያለው ግድግዳ ነጭና ጌጥ የሌለው ይሁን፤ ከሌለ ነጭ አንሶላ ወጥራችሁ ስቀሉ። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ግማሽ ሜትር ያህል ራቁ። ልብሳችሁ ጠቆር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛ ርቀት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ራሳችሁን አታንሡ፤ ከቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ አፍንጫን ያገዝፋል፣ የፊትን ቅርጽ ያዛባል። ጓደኛችሁ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ ስልኩን በዓይናችሁ ትክክል ይዞ በኋላው ካሜራ ያንሣችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁማችሁ በሰዓት ቆጣሪው ተጠቀሙ።

ሦስተኛ ፊት። ቀጥ ብላችሁ ካሜራውን ተመልከቱ፤ ዓይን የተከፈተ፣ አፍ የተዘጋ ይሁን። መነጽር አውልቁ። በሃይማኖት ምክንያት ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጉ እህቶች፣ ከአገጭ እስከ ግንባር ፊታችሁ ያለ ጥላ ይታይ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት መሠረት ፊት የፎቶግራፉን ቁመት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይይዛል። ከማሳተማችሁ በፊት በማመልከቻው ላይ የተጠየቀውን መጠን አረጋግጡ።

አራተኛ፣ የማሳመሪያ ፊልተር አጥፉ። የድንበር መሣሪያ ፎቶግራፉን ከፊታችሁ ጋር ያነጻጽራል፤ ቆዳን ያቀላ፣ ጉንጭን ያቀጠነ ምስል የእናንተ መታወቂያ ሊሆን አይችልም። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ስትልኩም ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ ላኩት።

በመጨረሻ፣ አዲሱ ፓስፖርት ሲደርሳችሁ በማን እጅ ይቀመጣል? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የካታር ሕግ ቁጥር 21፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ሥርዓት እንደተጠናቀቀ አሠሪው ፓስፖርቱን ለሠራተኛው እንዲመልስ ያዝዛል። አሠሪው ሊያስቀምጥ የሚችለው ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ከጠየቀ ብቻ ነው፤ በዚያም ጊዜ ሠራተኛው ሲፈልገው መመለስ አለበት። ይህን የጣሰ እስከ 25,000 ሪያል ሊቀጣ ይችላል። ስለሆነም ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ። የፓስፖርታችሁን ዋና ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። ፓስፖርታችሁን የከለከላችሁ ካለ ለደላላ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለእኛ አመልክቱ፤ እዚህ የተቀመጥነው ለዚሁ ነው።

በሰላም ሠርታችሁ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።