ስለ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ማንን እንጠይቅ?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ብዙ ይወራለታል። ከገባ በኋላ ምን እንዳስገኘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ምሳሌ የምናደርገው ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የተማሩበትን የፕላዝማ ትምህርት ነው።

በ1997 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ተጀመረ። ምክንያት አልታጣለትም፤ የተማሪው ቁጥር በፍጥነት ሲጨምር የሠለጠነ መምህር በበቂ አልተገኘም፤ ቤተ ሙከራ ያለውም ትምህርት ቤት ጥቂት ነበር። ስለዚህ ዘዴውን እንዲያው መንቀፍ አግባብ አይሆንም። ማይክሮስኮፕ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ የሕዋስን መከፈል በዓይኑ አይቷል።

ነገር ግን የትግራይን ልጅ እናስብ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት እስከ ስምንተኛ ክፍል በትግርኛ ተማረ፤ ዘጠነኛ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው ባልለመደው አነጋገር ይፈጥንበታል። «አልገባኝም፤ ይደገምልኝ» ቢል ሥርጭቱ አይጠብቀውም። መምህሩስ? በክፍለ ጊዜው መግቢያና መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በቀረው ጊዜ እንደ ተማሪው ቆሞ ይመለከታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሙሉውን ትምህርት እሱው ይሸከማል። በእኛ አስተያየት ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ተማሪው የቱ ጋ እንደተደናገረ የሚያውቀው ሰው ዝም እንዲል ተደረገ።

ስንት መሣሪያ እንደተተከለ መቁጠር ቀላል ነው። ተማሪው ምን እንደገባው ለማወቅ ግን ደብተሩን መግለጥ ያስፈልጋል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ የትግራይ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት እስከ 2015 ዓ.ም. ተዘግተው ቆዩ። የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት የተለወጠውም በዚሁ ጊዜ ነው። ካቋረጠበት ሳይደርስ አዲስ ነገር የሚጠብቀውን ልጅ በምን እንመዝነዋለን?

ከመካከላችን ለማስተማር ልምምድ ወደ መቐለ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ አሉ። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ትምህርቱ እንዳለቀ ሦስት ተማሪዎችን በትግርኛ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሦስቱም ከፊት ወንበር አይሁኑ። መልሱን አስቀድመው ለመምህሩ ያሳዩ፤ እንደ ተቆጣጣሪ ከታዩ እውነቱን የሚነግራቸው የለም።

ጥያቄውን በምን መልክ እንደምናዘጋጅ አሁን የመምህራኖቻችንን አስተያየት እንሰማለን።