ከፋሲካ ማግስት በኋላ
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ዘላቂ ለውጥ አጭር ነገር እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ የምናገረው እንደ ክርስቲያን መሆኑን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከምናውቀው ከዐቢይ ጾም ልጀምር።

55 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ መጠጥ የሚተው አለ፤ ጫትና ሲጋራ የሚያቆም አለ፤ ከተጣላው ጋር የሚታረቅ አለ። ፋሲካ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላ ግን ብዙው ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚያ «በቃ፣ እኔ ሰው አልሆንም» ይላል። ዛሬ በመካከላችን የሌሉ አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሉ ሰምተናቸዋል። አደገኛ ቃል ነው።

እኔ ግን ሰውዬው ሲጾም ዋሽቷል አልልም። በጾሙ ወራት ደግፎ ያቆመው ምን ነበር? ሰዓቱ የታወቀ ነው። የቤቱ ገበታ ተለውጧል። ጎረቤቱ አብሮት ይጾማል፤ ቅዳሴው ይጠብቀዋል። በፋሲካ ማግስት ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይነሣና ብቻውን ይቀራል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ርኩስ መንፈስ ስለወጣበት ቤት ሲናገር፣ ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ባዶ መሆኑ ነው የጎዳው።

ታዲያ በምን ይሞላ? ዘኬዎስን እንመልከት። «ከእንግዲህ ጥሩ ሰው እሆናለሁ» ብሎ አላለፈም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ ለበደለው ሰው ደግሞ 4 እጥፍ እንደሚመልስ ቆሞ ተናገረ። ውሳኔው ልክ አለው፣ ተቀባይም አለው። እኛም «መጠጥ እቀንሳለሁ» ከምንል፣ የዓርብ ማታችንን ለማን እንደምንሰጥ ብንወስን ይሻላል፤ ልጅ ማስጠናትም ሊሆን ይችላል፣ የታመመ መጠየቅም።

ሁለተኛው፣ ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ነው። ሽፍታ ነበር፤ በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ መነኮሰ። ከመነኮሰ በኋላም የቀድሞው ፈተና ለዓመታት አልለቀቀውም። እርሱ ግን ወደ አባ ኤስድሮስ እየተመላለሰ ያለበትን ይናገር ነበር፤ ሌሊት ደግሞ ለአረጋውያን መነኮሳት ውኃ ይቀዳ ነበር። በኋላ ቅስና ተቀበለ። የእኛስ ነገር? የንስሐ አባታችን ቁጥር ስልካችን ውስጥ አለ፤ የምንደውለው ግን ጠበል ጸዲቅ ሲኖር ነው! በሌላ ቤተ እምነት ያላችሁም የጸሎት ጓደኞቻችሁን አስቡ።

ይህ ሁሉ ዘዴ ብቻ ቢሆን ከየትኛውም ሥልጠና ይገኝ ነበር። እምነት የሚጨምርልን፣ የወደቀ ሰው እንደገና የሚነሣው በምሕረት መሆኑን ነው። ጴጥሮስ 3 ጊዜ ካደ፤ ጌታም ይወደው እንደሆነ 3 ጊዜ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው።

መምህራኖቻችን፣ ከፈተና በፊት የሚጠፋ ተማሪ ስታዩ «የት ጠፋህ?» በሉት። እኛም ዛሬ ማታ ስልክ ተለዋውጠን እንለያያለን፤ የቴሌግራም ግሩፕም ይከፈታል፣ በበዓል መልካም ምኞት ይሞላል። ከዚያ በተጨማሪ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንምረጥ። በወር አንድ ቀን ደውሎ «ያ ነገር ከምን ደረሰ?» የሚለን፣ እኛም የእርሱን የምንጠይቀው ሰው ይሁን።

እግዚአብሔር ያበርታን።