ጂፕሰም ቦርድ በጀጎል ግድግዳ ላይ

የዛሬው ርዕሳችን ጂፕሰም ቦርድ ነው።

ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ወረቀት መሃል የተያዘ የጀሶ ገበታ ነው። ብሎኬት ግድግዳ ላይ ያለ ምስማር ይለጠፋል። እንዴት? የጀሶ ማጣበቂያ በውሃ ይቦካል። ከዚያ ግድግዳው ላይ እፍኝ እፍኝ እየተደረገ ቦርዱ ይጫንበታል፤ በውሃ ልክ ይስተካከላል። ግድግዳው አቧራ ወይም የሚላጥ ቀለም ካለው ግን ማጣበቂያው አይዝም።

ታዲያ ሐረር ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎልስ? የቆየው የሐረሪ ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ መልሶም በላዩ ያስወጣል። እስቲ ትኩስ እንጀራ በፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡ። ያልበዋል፤ ውሎ አድሮ ይሻግታል። ጂፕሰም ቦርድ የተለጠፈበት አሮጌ ግድግዳም እንዲሁ ነው። እርጥበቱ ከኋላ ይታፈናል፣ ጀሶው ይለሰልሳል፣ ወረቀቱ ይሻግታል። ግድግዳው ውስጥ የተሠሩት የዕቃ ማስቀመጫዎችም ይሸፈናሉ። ለእኔ ይሄኛው ከሻጋታው ይብሳል። ጀጎል እኮ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት!

እናም አድማጮቻችን፣ ጂፕሰም ቦርዱን ከግንቡ ውጭ ላለው ደረቅ የብሎኬት ቤት ያድርጉት። የድሮውን ቤት ግን ኖራ ይቀቡት።